የአንገቱ ሽቦ

ጡረታ ስወጣ ከጨርቃጨርቁ ፋብሪካ
እጄ እንቅልፍ አጣ፣ ብረት ካልነካ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሞተር ሲጠቀልል
የኖረ ጣት እንዴት ተጣጥፎ ይውላል?

አሮጌ ጠመንጃ መግዛት ጀመርኩ እንግዲህ።
ለመተኮስ አይደለም። ማን ላይ? ለምን ብዬ?
የውጅግራው ጥይት ከምድር ጠፍቷል፤
ቀለሁ የኩል ዕቃ ሆኖ ተሸጧል።
ፈቃድ አላቸው ሁሉም፤ ቁጥራቸው ከስሜ ጋር
ቀበሌው መዝገብ ላይ ሰፍሯል።
ባለቤቴ አንጓች ግን መዝገብ አታነብም፤
«ግምጃ ቤት አገኘሁ ብዬ ደስ ሲለኝ
ጠመንጃ ቤት ገባሁ፤ ምን ዓይነት ዕድል አለኝ»
ትልና፣ ከአልጋው ሥር መጥረጊያ ስትሰድ
አንዱን ሰደፍ ነክታ ታማትባለች።

አሥራ አንድ ናቸው። ሁሉንም የገዛሁት
አንዱን ስፈልግ ነው። ለማንም አልነገርኩት።

የአባቴን።
አባቴ ቢያድግልኝ ምንሽሩን የሸጠው
ለእኔ ሰባተኛ ክፍል፣ ለደብተር፣ ለጫማ፣
ለቤት ኪራይ፣ እዚሁ፣ ባሕር ዳር ከተማ።
ቁጥሩን አላውቀውም። እሱም አላወቀው፤
ፊደል አልቆጠረም። እኔ የማውቀው
ሽቦውን ነው።

አንድ ቀን ከካብ ላይ ወደቀና
ሰደፉ አንገቱ ላይ ተሰበረ።
ሌሊት ወጥቶ ከስልክ እንጨት መዳብ ቆርጦ መጣ።
ሦስት ቀን ወረዳው ከዓለም ተነጠለ፤
አስተዳዳሪው ብቻውን «ሃሎ! ሃሎ!» አለ።
ሰባት ዙር አዞረው፣ አጥብቆ አሰረው፣
ጫፉን በጥርሱ አጥፎ ከሥሩ ቀበረው።
ኩራዙን የያዝኩለት እኔ ነበርኩ።

እና ደላሎቹ፣ ከመሸንቲ፣ ከዘንዘልማ፣
«ጋሼ፣ አንድ ተገኝቷል» ሲሉኝ ስሰማ
የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አንገቱስ?»
«ጤነኛ ነው» ይሉኛል፣ እንደ በሬ ሻጭ።
ለማንኛውም እገዛዋለሁ።

ባለፈው ጥቅምት፣ ከደቅ ደሴት፣ በጀልባ
መጣች እናነይ የምትባል ሴት፣ ነጠላዋ ረጥባ፣
በደንገል ሰሌን የተጠቀለለ ታቅፋ።
ወደቡ ላይ የተቀመጡ ሰዎች
የሕፃን አስከሬን መስሏቸው
ተነሥተው አሳለፏት።
ፈታችው።
አንገቱ ላይ መዳብ።
ቆጠርኩ። ሰባት።

ጉልበቴ ከዳኝ። ወንበር ሳብኩ።
«የማን ነው?»
«የአያቴ። ወረቀቱም አለው።»
«ሽቦውስ?»
«ዴልጊ ተሻግሮ፣ ከስልክ እንጨት፣
የቆረጠው ሌሊት።»
«አያትሽ...» አልኩ፤ ቀሪው ጉሮሮዬ ውስጥ ቀረ።
«ግራኝ ነበር» አለች። «እየው፣ ዙሩ ወደ ግራ ነው።
በአገሩ እንዲህ የሚያዞር እሱ ብቻ ነው።»

አየሁት። እውነቷን ነው።
አባቴ ቀኝ ነበር።

በዋጋ ተስማማን። ብሩን ቆጥራ
መቀነቷ ላይ ቋጠረች፤ ግን አልተነሣችም።
«ብረቱ ይሁንህ» አለች፤ «የጣልያን ነው።
እንጨቱም የጣልያን።
ሽቦውን ፍታልኝ። የእኛ እሱ ብቻ ነው።»

ፈታሁላት፣ በጉጠት፣ ዙር በዙር።
ሰባተኛው ሲለቅ
ሰደፉ ጠረጴዛዬ ላይ ለሁለት ወደቀ።
መዳቡን እንደ አምባር ክንዷ ላይ ጠመጠመችና
የማታው ጀልባ ሳያመልጣት ሄደች።

ሌሊት አሥራ አንዱን አወጣሁ።
ቅባታቸውን ጠርጌ በባትሪ አየሁ።
ሁሉም አንገታቸው ላይ፣ ሁሉም፣
ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለቻቸው።
ሲተኮስ ኃይሉ የሚያርፈው እዚያ ነው።
የሸጡልኝ ያውቁ ነበር። አንድም አልነገረኝም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለች አንጓች ነቅታ።
«ምንም።»
ውጭ ሐይቁ ከድንጋዩ ጋር ይተሻሻል።

መሳቢያዬ ውስጥ የፋብሪካ መዳብ ነበረኝ፣
ከመጨረሻው ሞተር የተረፈ።
ሁለቱን ስባሪ ገጥሜ፣ በጉልበቴ አጣብቄ፣
ጫፉን በጥርሴ ነክሼ ተቀምጫለሁ፤
ወፎቹ ደንገሉ ውስጥ መንጫጫት ጀምረዋል፤
ወደ ቀኝ ላዙር?
ወደ ግራ?